ልቤ የኔ ነው፤ ምርጫውም የኔ ነው
ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ሩብ ሰዓት ሙሉ ያስረዳውን ልጄ ስትተረጉምልኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፦ «አባባ፣ ሶ፣ ኦኬ ነው፤ ሳይን ያድርጉ።»

ዛሬ የሄድነው የተዛባውን የልቤን ምት በቀጭን ቱቦ ስለማከም ለመመካከር ነበር። አልፈረምሁም፤ በስልክ አስተርጓሚ አስጠራሁ።

ለካስ የታመመውን ሥፍራ በሙቀት፣ በቅዝቃዜ ወይም በኤሌክትሪክ ምት ማምከን ይቻላል፤ የየራሳቸውም አደጋ አላቸው!

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳይጨነቁ ብዬ ነዋ!»

«ታዲያ ልቤን ሲያቃጥሉት ልወቀው?»

አርባ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ሦስት ነገር ማወዳደር ያቅተኛልን?

የእያንዳንዱን አደጋ አንድ በአንድ ጠይቄ፣ ቅዝቃዜውን ራሴ መርጬ ፈረምሁ። ልጄ ተቀይማ መኪናዋን ወደ ቤታችን፣ ወደ ሬንተን ከተማ ነዳች፤ እኔም አልለመንኋት።

እናንተስ፣ በገዛ ገላችሁ ላይ ልጆቻችሁ ሳይጠይቋችሁ የወሰኑበት ጊዜ አለን? ሳታፍሩ ጻፉልኝ።