አደይ ለተብርሃን ማሽኑን ጠየቁት

ነገሩ የሆነው አስመራ፣ ነጻነት በመጣ በዓመቱ ገደማ ነው። ዛሬ ልጆቼ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ የሆዳቸውን ለስልካቸው ሲያወሩ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ደስም አይለኝ።

ያኔ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር አንዲት ትንሽ ማሠልጠኛ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት አስተምር ነበር። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በእንግሊዝኛ የጻፉለትን ገልብጦ መልሶ የሚጠይቅ ፕሮግራም አለ። ለተማሪዎቼ መሳቂያ ነበር። "የሚያስብ ማሽን መጣ" የሚለው ወሬ ግን ሰፈራችን ጸጸራት ድረስ ደረሰ።

እናቴ ለማለት አደይ የምንላቸው ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን ልጃቸው ለትግል ሜዳ ከወጣ ወዲህ ዓይኑን አላዩትም። ጓደኞቹ ሲመለሱ መሞቱን ለሽማግሌዎች ነግረዋል። መርዶ ደግሞ እንዲሁ አይነገርም፤ ሴት ልጃቸው ከሱዳን እስክትመጣ ይቆይ ተባለ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እሳቸው ሲጠይቁን ግን ሁላችንም "ይመጣል" እንላለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማሠልጠኛው ድረስ መጡ። ይቅርብዎ፣ ዕቃ ነው፣ ምንም አያውቅም ብዬ ለመንኳቸው።

"ኣይፋል ጓለይ፣ የለም ልጄ" አሉኝ። "ሰው ያዝንልኛል፣ ስለዚህ ይዋሸኛል። ይሄ ይሉኝታ የለውም።"

ምን ልበል? ያሉኝን ጻፍኩ፤ ልጄ ሞቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ማሽኑ እንደ ልማዱ ጥያቄ መለሰ። ምን አለ አሉኝ። ሌላ ነገር ፈጥሬ ልነግራቸው አስቤ ነበር፣ ምላሴ እምቢ አለኝ።

"ልጅሽ መሞቱን ብታውቂ ምን ይሆናል ነው የሚለው፣ አደይ።"

እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ ማሽኑን ትተው የእኔን ፊት ማየት ጀመሩ። መቋቋም አቅቶኝ አንገቴን ደፋሁ።

አልጮኹም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና "ሕራይ፣ እሺ" ብለው ወጡ።

ሮጬ ሽማግሌዎቹን ይዤ ቤታቸው ስደርስ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"በሉ አሁን በአፋችሁ ንገሩኝ" አሉ አደይ ለተብርሃን። "ላልቅስበት።"

ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወዳጅ ዘመድ ከቦ፣ ደግፎ የሚያረዳውን መርዶ እኚያ እናት ከአንድ ዕቃ ፊት ተቀምጠው ተረዱት። በማሽኑ አልፈርድም፣ እሱ ምንም አያውቅም ነበር። የምናውቀው እኛ ነበርን።