ነፋሱ ባለፈ ማግሥት የቀናሁበት ሰው

የዚያን ዕለት ጠዋት የሠራሁት ሞኝነት ይህ ነው፦ መዶሻ ይዤ ጣራዬ ላይ ወጣሁና ምስማሩን ታች ረሳሁት። ሌሊቱን ደባርቅን ሲያምሳት ያደረው ነፋስ የቆርቆሮዬን አንድ ጥግ ገልጦታል። ዕድሜዬን ሙሉ ቤት ሳቆም የኖርሁ አናጢ ነኝ፤ ግን ምስማር የሌለው መዶሻ ይዤ እንደ ጭላዳ ዝንጀሮ ከላይ ተጎለትሁ። ወርጄ እንዳልመለስ ጉልበቴ፣ ለቀኑ የሚበቃንን መሰላል ወጥተናል አለኝ።

ከላይ ሆኜ ስመለከት ከዳባት መጥቶ እኛ ዘንድ የሚሠራው ያ አናጢ መንደሩን አስከትሎ ከቤት ቤት ይዞራል። የትኛው ቤት ሰው ያሳድራል፣ የትኛው አያሳድርም የሚለውን እንዲያይላቸው የለመኑት እሱን ነው። እኔን የጠራኝ የለም። ግማሹን ሰፈር ያቆምሁት እኔ ነኝ! እሱ ቱንቢውን ሲያንጠለጥል ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ እኔ ቱንቢ ሳወርድ የሚያዩኝ ዶሮዎች ብቻ ነበሩ። በዕድሜ ከእኔ የሚያንሰው በሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ጥርሱ ግን አንድም አልጎደለ።

ቅናቴ እንደሆነ አገር አይመርጥም። በዚያው ሰሞን ወጣቶች አውሎ ነፋስ ያለፈባቸውን የደሴት አገሮች በስልካቸው አሳይተውኝ ነበር። ጉዳታቸውን በአውሮፕላን እየዞረ የሚያይላቸው ሰው አለ፤ ነፋሱም እንደ ክርስትና ልጅ ስም ይወጣለታል። አዝኜላቸው ሳበቃ በዚያም ቀናሁ። የእኛው ነፋስ ስም እንኳ የለው።

እንደ ምንም ወርጄ ተከተልኋቸው። ገበያ ዳር ጨርቅ ከምትነግደው ጎረቤቴ ቤት ደረሱ። ባሏ ሞቶባታል። ሴት ልጇ ከወለደች ሁለት ሳምንት አልሞላትም፤ አራሷም ጨቅላውም እዚያው ናቸው። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። የዳባቱ ሰው ማዕዘኑ ጋ ተንበርክኮ አፈሩን ቆፈር አድርጎ የቋሚውን ሥር በቢላ ወጋ አደረገና ተነሣ።

«እህቴ፣ ይቺ ቤት ዛሬ አታሳድርም። አራሷን አውጪያት» አላት።

«ማነው ያለው?» አልሁ ከኋላ። «ይህን ቤት ያቆምሁት እኔ ነኝ። እኔ እወድቃለሁ እንጂ እሱ አይወድቅም!»

«አንተማ ከጣራህ ስትወርድ ለመውደቅ ትንሽ ነው የቀረህ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያሳበደኝ።

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ አንቱ ምን ይላሉ? በዚህ ብርድ አራስ ይዤ የት ልግባ? አንቱ ያሳድራል ካሉ፣ ወላሂ፣ አልወጣም።»

«ያሳድራል!» አልሁ።

ሰውየው ቢላውን ጠረገ፤ የቆፈረውን አፈር በእግሩ ወደ ቋሚው ሥር መልሶ ደጋግሞ ደለደለው። ለምን እንደሚደለድል የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ያን ቋሚ ስተክል ቸኩዬ ነበር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ልጡን ሳልልጥ፣ ሥሩን በእሳት ሳልለበልብ ቀበርሁት። ቢላው ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ሲገባም አይቻለሁ። «ይህን የተከለው አናጢ ነው?» ቢል ኖሮ ዳግመኛ ምስማር የሚያስመታኝ አልነበረም። እሱ ግን ጉዴን አፈር አለበሰው። ጥርሱ አልበቃ ብሎ ደግነቱም ከእኔ ይብለጥ? በዚህም ቀናሁ።

ሰዉ ወደሚቀጥለው ቤት ሲያልፍ ጎረቤቴ ማለዳ ያወጣችውን ፍራሽ መልሳ ማስገባት ጀመረች። ውስጥ ጨቅላው አለቀሰ።

«ልጄ፣ ተይው» አልኋት።

«ምኑን?»

«ፍራሹን። ዋሽቼሻለሁ። ቋሚው በስብሷል፤ ያበሰበስሁትም እኔው ነኝ። አራሷን ይዘሽ እኔ ቤት ግቢ፤ ጣራዬ ጥጉ ቢገለጥ ነው እንጂ ግድግዳው ደህና ነው።»

ቀጥ ብላ አየችኝ። «ታዲያ ምን ሆነው ነው ያሳድራል ያሉኝ?»

«ቅናት።»

«በዚህ ዕድሜ?»

«እሱ ከጥርስ ጋር አይወልቅም።»

አልሳቀችም። ገብታ ጨቅላውን አወጣችና አስታቀፈችኝ፤ እሷ አራሷን ደግፋ እስክትወጣ ድረስ ከደጅ ቆሜ ቀረሁ።

በማግሥቱ የበሰበሰውን ቋሚ ልነቅል ስሄድ የዳባቱ ሰው አካፋውን ይዞ ቀድሞኝ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ አብረን ዋልን። ጣራውን በድጋፍ አቆምነው፤ አዲሱን እንጨት እሱ ላጠ፣ ሥሩን እኔ ለበለብሁ። ስንጨርስ ጎረቤቴ ስለ ድካሙ ምን ላድርግልዎ ብላ ጠየቀችው።

«ምንም። የእኔና የእሱ ወንፈል ነው» አላት።

እንግዲህ ወንፈል በእኛ አገር የቀን ዋጋው ቀን ነው፤ ጉልበቱን የሰጠህን በጉልበትህ ትመልሳለህ። «መቼ ትጠራኛለህ?» አልሁት።

«ዳባት ያለው የከብቶቼ በረት ያዘነበለ ለት።»

እስከ ዛሬ አልጠራኝም። ባለፈው ወደ ጎንደር ስወርድ ዳባት ላይ በአውቶቡሱ መስኮት አንገቴን አስግጌ አየሁት፤ የተረገመ በረት፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የአንድ ቀን ጉልበት አለብኝ።