በረዶ ሲወርድ ማን ይቀድማል

በዶርማችን «አንቱ» የሚባሉት አንድ ተማሪ ብቻ ነበሩ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት አዘና አካባቢ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዓመታት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ሦስተኛ ዓመት ደርሰዋል። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ውሃ ሲመጣ ባልዲያቸው ከፊት ይሰለፋል። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር፣ ባዶም ቢሆን፣ የእሳቸው ነው። እኔ አንደኛ ዓመት ነኝ፤ ከዳንግላ ገጠር ነው የመጣሁት፤ ታላቅህን አክብር እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ባልዲያቸውን ስሞላ ደስ ይለኝ ነበር። በእኚህ ሰው ላይ ቂም እይዛለሁ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ያዝኩባቸው ግን፤ በካርድ ጨዋታ ሰበብ።

ጨዋታውን የሠራው ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛው የእንጅባራ ልጅ ነው። የውጭ አገር የካርድ ጨዋታዎችን ሕግ ከስልኩ እያነበበ የራሳችንን ሠራ። ካርዶቹ ላይ የሚታዩት ፈረስ፣ የቀርከሃ አጥር፣ የከሰል ጭስ፣ ጉምና በረዶ ናቸው። እየሣልን ከተማ ወደሚገኝ ፎቶ ኮፒ ቤት እንወስድና በወፍራም ወረቀት እናስባዛለን። እያንዳንዱ የራሱን ክምር ያዘጋጃል፤ የሌለውን ከሌላው ይለዋወጣል። ሁሉም አምስት ነፍስ ይዞ ይጀምራል፤ ነፍሱ ቀድሞ ያለቀበት ይሸነፋል። የተሸነፈ ደግሞ አሸናፊው የመረጠውን አንድ ካርድ ይሰጣል።

እኔ ያልተባዛ አንድ ካርድ ነበረኝ። አባቴ ዳማ ቦቃ ፈረስ ነበራቸው፤ በፈረሰኞች በዓል ቀን ሰው ስሙን እየጠራ የሚያጨበጭብለት። ባለፈው ክረምት ሞተ። ፎቶ ስላልነበረን ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ጨረቃ ሳይቀር ከትዝታዬ ሣልኩት፤ በእጄ ቀለም ቀባሁት። ከሥዕሉ ሥር የሁሉም ፈረስ ካርዶች ላይ ያለው ጽሑፍ አለ፦ «ይህ ፈረስ ሲወድቅ ባላጋራህ አንድ ነፍስ ያጣል።»

እንዲህ ያለው ኃይል በተጫዋቹ ትእዛዝ የሚሠራ አይደለም፤ የተባለው ነገር ሲደርስ ራሱ ይነቃል። አንድ ብቻ ሲነቃ ችግር የለም። ጣጣው ሁለት ካርዶች በአንድ ጊዜ ሲነቁ ነው።

ከጋሼ ጋር ስንጫወት የደረሰው ይኸው ነው። ለሁለታችንም አንድ አንድ ነፍስ ቀርቶን ነበር። ከፊታቸው አንድ ፈረስ ቆሟል፤ ከእኔም ፊት ቦቃው። ተራው የእሳቸው ነበርና የበረዶ ካርድ ጣሉ። በረዶ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለ ፈረስን ሁሉ ይጥላል። ሁለቱም ወደቁ፤ ሁለቱም ነቁ። ቀድሞ የሠራው ያሸንፋል።

«እኩል ነቅተዋል» አለ ጨዋታውን የሠራው የእንጅባራው ልጅ። «ተራው የጋሼ ስለሆነ መጀመሪያ ጋሼ...»

«በቃ! መጀመሪያ እኔ!» አሉ ጋሼ።

«እንደሱ አይደለም ጋሼ። መጀመሪያ ያስቀምጣሉ ማለት...»

«አንተ ልጅ፣ ምግብ ቀርቦ እጅ ሲታጠብ ማን ይቀድማል?»

«ታላቅ።»

«በር ላይስ?»

«ታላቅ፤ ግን ጋሼ፣ ይሄ እኮ በር አይደለም።»

የከበቡን ልጆች ሳቁ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ፍሬሹ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ታላቅህን ልትቀድም ነው?»

ሁሉም አዩኝ። «ኧረ ይቅደሙ ጋሼ» አልኩ። የመጨረሻ ነፍሴ በገዛ አፌ ጠፋች።

«ይቺን ቦቃ ወዲህ በላት እስቲ።»

«ጋሼ፣ ሌላ ይምረጡ። እሱ የአባቴ ፈረስ ነው።»

«የአባትህማ ከሆነ ጮሌ ነው ማለት ነው! ወደ እኔ ይጋልባ!» በአውኛም አንድ ነገር ጨመሩ፤ አውኛ የሚሰሙት ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም እሰማለሁ። ያሉትን ግን እዚህ አልደግመውም።

በማግስቱ ካፌ ለቁርስ ተሰልፈን የእንጅባራው ልጅ ከትሪዎቹ ክምር ላይ አንዱን አነሳና አሳየኝ። «ይሄ መጨረሻ የታጠበው ነው፤ መጀመሪያ የሚነሳው ግን እሱ ነው። የነቁ ካርዶችም እንደዚሁ ናቸው። ባለተራው የራሱን መጀመሪያ ያስቀምጣል፤ ብዙ ከነቁለት ቅደም ተከተላቸውን ራሱ ይመርጣል። ከዚያ ባላጋራው የእሱን ከላይ ይደርባል። የሚሠራው ከላይ እየተነሳ ነው።»

«ስለዚህ ትናንት...»

«ተራው የጋሼ ነበር። የእሳቸው ከታች፣ ያንተ ከላይ። አሸንፈህ ነበር።»

ያን ጊዜ ሐዘን እንጂ ቂም አልተሰማኝም። ቂሙ የመጣው ከሰዓት ነው። ወደ ዶርም ስገባ የምንጫወትበት ጠረጴዛ መወዛወዙን ትቷል። ጎንበስ ብዬ ባይ የአባቴ ፈረስ አራት ላይ ታጥፎ ከእግሩ ሥር ተወትፏል።

«ጋሼ... ፈረሱ...»

«ጠረጴዛው ሻዬን ደፋብኝ» አሉ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ። «ፈረስ ሥራው መሸከም አይደል?»

«ልክ ነው ጋሼ» አልኩ።

ካርዱን ሰርቄ ማውጣት እችል ነበር። አልፈለግሁም። የፈለግሁት ሰው ሁሉ እያየ፣ ያን ዕለት በሳቁብኝ ልጆች ፊት፣ በእጃቸው እንዲሰጡኝ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ያሸነፉኝ «ማን ይቀድማል» በሚለው ነውና፣ እኔም የማሸንፋቸው በዚያው እንዲሆን ፈለግሁ። ባልዲያቸውን መሙላቴን አላቆምኩም። እንዲያውም አስበለጥኩ፤ ጫማቸው ላይ ጭቃ ሳይ እጠርግላቸዋለሁ። «እንዳንተ ያለ የተባረከ ፍሬሽ አላየሁም» ይሉኝ ነበር። እኔ በዚያ ሁሉ መሃል አጫወታቸውን አጠና ነበር።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጋሼ ከካርድ ሁሉ የሚወዱት አጥርን ነው። አጥር ባላጋራ የጣለው የማጥቂያ ካርድ ላይ ይደረባል፤ ከላይ ስላለ ቀድሞ ይሠራና ጥቃቱን ያከሽፋል። በተጠቀሙበት ቁጥር ጠረጴዛውን እየደበደቡ «ከላይ ነው የሚነሳው!» ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰው፣ ሲነቁ መቅደም ማለት ከታች መዋል እንደሆነ አልታያቸውም። ክብሩ ጋርዷቸዋል።

ውጭ ጉም ወርዶ ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው የሚሄዱበት አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ሁሉ ዶርም ተሰብስበው ነበር። ጋሼን ጋበዝኳቸው። ካርዱን ሳንበውዝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ጋሼ፣ በኋላ እንዳንጨቃጨቅ ሰው ይስማልን ብዬ ነው። እኩል ሲነቁ ማን ይቅደም?»

«ተናግሬ የለ እንዴ? ታላቅ።»

«ተራው የእኔ ቢሆንም?»

«የማንም ይሁን! ታላቅ በተራ ነው እንዴ የሚከበረው?»

«እሺ ጋሼ። እንግዲያው እርስዎ መጀመሪያ ያስቀምጣሉ፣ እኔ ከላይዎ እደርባለሁ፣ ልክ እንደ አጥር ከላይ እናነሳለን።»

«እንዴታ! ከሥር የሚነሳ ካርድ አለ እንዴ?»

የእንጅባራው ልጅ ከላይኛው አልጋ አንገቱን አወጣና አየኝ። ገብቶታል። እኔም አየሁት፤ አንገቱን ወደ አልጋው መለሰ።

ጨዋታው ረጅም ነበር። የበረዶ ካርድ ቀድሞ እጄ ገብቶ ነበር፤ አልነካሁትም። ለሁለታችንም አንድ አንድ ነፍስ እስኪቀር ጠበቅሁ። በስተመጨረሻ በእሳቸው ፊት ሁለት ፈረስ፣ በእኔ ፊት አንድ ተራ ፈረስ ቆመ። ተራው የእኔ ነበር። በትክክለኛው ሕግ ከሄድን በራሴ ተራ በረዶ መጣል ራስን መግደል ነው፤ ባለተራ ስለሆንኩ የእኔ ካርድ ከታች ይውላልና። ይህን አውቄ ነው በረዶውን የጣልኩት።

«አበደ!» አለ አንዱ።

«ፍሬሹ፣ ራስህን አጠፋህ እኮ» አሉ ጋሼ እየሳቁ። «የእኔ ሁለት ነው የነቃው!»

«ታላቅ ይቅደም ጋሼ» አልኩ፤ ከወንበሬም ብድግ አልኩላቸው።

ሁለቱን ካርዶቻቸውን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጡ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም እንኳ አስበው አደላደሉ። እኔ የእኔን ከላይ ደረብኩ። እጃቸውን ወደ ክምሩ ሥር ሲሰዱ የእንጅባራው ልጅ ከላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ከላይ ነው የሚነሳው» አለ።

እጃቸው ቆመ። የእኔን ካርድ አዩ። ቀስ ብለው አነበቡት፤ የፈረስ ካርድ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን እንደማያውቁ ሰው። አንድ ልጅ ጠረጴዛውን ደበደበና በእሳቸው ድምፅ «ከላይ ነው የሚነሳው!» ሲል ዶርሙ በሳቅ ተናጋ። ያን ሳቅ አልረሳውም። አሁንም ትምህርት ሲከብደኝ አስታውሰዋለሁ።

«በል ያውልህ ፈረስህ» አሉ ወደ ጠረጴዛው እግር እያመለከቱ። «አውጣው።»

«አይ ጋሼ። የተሸነፈ ነው የሚሰጠው። ሕጉ ነው።»

ጋሼ አዩኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩኝ ይመስል። ከዚያ ጎንበስ አሉ። ጠረጴዛውን በአንድ እጅ ከፍ አድርገው በሌላው ካርዱን አወጡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። ልክ እንዳደግሁት፣ ትከሻዬን ሰበር አድርጌ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። እጥፋቱ ቦቃውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆታል።

ሁሉም ሲበተን የእንጅባራው ልጅ ወረደና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ተራው ያንተ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«በእውነተኛው ሕግ ተሸንፈሃል።»

«እሱንም አውቃለሁ። በእሳቸው ሕግ ግን አሸንፌያለሁ።»

«ፈረስህን አገኘህ። አሁን ለጋሼ ሕጉን እናስረዳቸዋ።»

«አንተ አስረዳቸው» አልኩ። «እኔ እሳቸውን የማስተምር ማን ነኝ?»

አላስረዳቸውም መሰለኝ፤ ወይም አልሰሙትም። በማግስቱ ውሃ ሲመጣ ባልዲያቸውን ላነሳ ስል ቀድመው ያዙት።

«ማታ እንጫወታለን» አሉኝ። «ግን ሕጉን አሻሽያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ታናሽ ይቅደም።»

ታናሽ ከቀደመ የእኔ ከታች፣ የእሳቸው ከላይ ነው። ይቺን እያሰቡ አድረዋል ማለት ነው።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ከሰዓት ክፍል አልነበረኝም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ክምሬን በተንኩና፣ ፈረሶቼን ሁሉ አውጥቼ በምትካቸው አጥር ሞላሁበት። በረዶ ቢጥሉ አጥር እደርብበታለሁ፤ ፈረስ ካልወደቀ የሚነቃ የለም፤ የሚነቃ ከሌለ ደግሞ የሚቀድምም የለም። የማጥቂያ ካርዶቻቸውን አንድ በአንድ እያከሸፍኩ ነው የምጨርሳቸው። ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አላውቅም፤ በአንድ ጨዋታ አንድ ካርድ ነው የምወስድባቸው፣ ካርዶቻቸው ደግሞ ገና ብዙ ናቸው።