በጂቱ ስልክ የተመዘገቡ እናቶች

ስልክ የሌላቸው ሠላሳ አንድ እናቶች የክትባት ቀን በስልክ መልእክት እንደተነገራቸው ተደርጎ ሪፖርት ቀርቧል። መልእክቱ ሁሉ የተላከው ግን ወደ አንዲት ሴት ስልክ ነበር። ጂቱ ከካቺሲ ከተማ ራቅ ባለች ቀበሌ፣ በጤና ኬላው ብቻዋን የምትኖር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። መልእክቱን የሚልከው ፕሮጀክት ቅጽ ያለ ስልክ ቁጥር ስለማይቀበል የእርሷ ቁጥር የሁሉም ሆነ። ክትባት ወደ ቀበሌዋ የሚመጣው በወር አንድ ቀን ነው። ቀኑ ሲቃረብ፣ ልጅ ያልወለደችው ጂቱ ሌላ ማንም በማይጽፍላት ስልክ «ውድ እናት፣ ልጅዎን ያስከትቡ» የሚለውን ደጋግማ ታነባለች፤ ከዚያም ቤት ለቤት በእግሯ ትዞራለች።

በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ መልእክቱ የደረሳት አምቦ፣ ድንገት በተጠራችበት ስብሰባ ላይ ነበር። ከእናቶቹ የአንዷ ልጅ፣ የዘጠኝ ወሩ ቶኩማ፣ የኩፍኝ ክትባቱን የሚወስድበት ወር ነበር። የፕሮጀክቱን አስተባባሪ ለመነች።

«ኦቦ ዲንሳ፣ እናቱ ድንቅቱ አልሰማችም። ልሂድና ልንገራት።»

«ሲስተሙ ‹ደርሷል› ይላል እኮ! አንቺ ከኮምፒዩተር ትበልጫለሽ?»

«የደረሰው ለእኔ ነው።»

«ደርሷላ! በይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ቀጣዩ የክትባት ቀን ሳይመጣ ቶኩማ በኩፍኝ ሞተ።

በሪፖርቱ ላይ ድንቅቱ አሁንም መልእክት የደረሳት እናት ናት። የስልክ ቁጥሩም አልተቀየረም።