ከአምስተኛው መጽሐፍ የቆረጥኳቸው ስድስት ቅጠሎች

ገዳዩ ማን እንደሆነ እያወቅሁ የወንጀል ልብ ወለድ ደግሜ ማንበብ እወዳለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። «አለቀ እኮ! ምኑ ነው የሚጥምህ?» ይለኛል የሥራ ባልደረባዬ። ደምበል አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የሞቱ ስልኮችን እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ስልክ ስፈታ እያንዳንዷን ብሎን ከወጣችበት ቦታ አንጻር ነጭ ወረቀት ላይ እደረድራታለሁ። አንድን መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብም ለእኔ እንደዚያ ነው። በመጀመሪያው ንባብ ሰው ልቡ ተንጠልጥሎ ይሮጣል። በሁለተኛው ግን ደራሲው ብሎኖቹን የት የት እንዳስቀመጣቸው ያያል። ገዳዩ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ለእንግዶች ሻይ ሲቀዳ እጁ ለምን እንዳልተንቀጠቀጠ የሚገባው የደገመ ሰው ብቻ ነው።

የምወዳቸው መጻሕፍት ሰባት ናቸው። ወደ አማርኛ የተመለሱት እኔ ሳልወለድ ነው። መርማሪው ከአንድ ወደብ ጉምሩክ በጡረታ የወጣ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የገዳዩን ማንነት ሊናገር ሲል ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ በክፍሉ ያለው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ እኔም ለስንተኛ ጊዜ ባነበውም ጸጥ እላለሁ። በየክረምቱ ከአንደኛው እጀምርና አራተኛውን ስጨርስ እቆማለሁ። አምስተኛው የለኝም። ከአምስተኛው የነበሩኝ የመጨረሻዎቹ ስድስት ቅጠሎች፣ ማለትም አሥራ ሁለት ገጾች ብቻ ነበሩ። ከመጽሐፉ የቆረጥኳቸውም እኔ ነኝ።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፤ አሁን በፈረሰው በኩል። ከቤታችን ወደ አስፋልቱ ሲወጣ መጽሐፍ የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ኪዮስካቸው ከቆርቆሮ የተሠራች ሆና፣ አንድ ሰው ተቀምጦባት ሁለተኛ ሰው ሊገባባት አይችልም። መጽሐፉን ለሦስት ቀን ይሰጣሉ። ሽፋኑ ሲያልቅ ካርቶን ይለጥፉበታል፤ ጀርባው ሲፈታ በወፍራም ክር ይሰፉታል። ብዙ እጅ የሚነካው መጽሐፍ ቀድሞ የሚያልቀው መጨረሻው ላይ ነውና፣ ጋሼ አንድ ልማድ ነበራቸው። መጨረሻ የሌለውን መጽሐፍ አይጥሉትም። አንባቢው ያለውን አንብቦ ሲመልስ፣ የጎደለውን እሳቸው በቃላቸው ይነግሩታል። ከመጀመራቸው በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ያላነበበ ጆሮውን ይያዝ!» ይላሉ። ጆሮውን የሚይዝ የለም። ታክሲ ጠባቂው፣ ተማሪው፣ ዳቦ ይዞ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

ከኪዮስኩ ፊት ለፊት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ይመስለኛል፤ እትዬ እላቸው ነበር። እሳቸውም እነዚያን ሰባት መጻሕፍት በተራ ይወስዱ ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ መጽሐፉን የስፌት መኪናቸው ላይ ዘርግተው፣ እንዳይገለበጥ በመቀስ ይይዙታል። አንድ ቀን ሳልፍ ጠሩኝ።

«አምስተኛውን ትናንት መልሻለሁ። ሂድና ሌላ ሳይቀድምህ ውሰድ።»

«እንዴት ነው?»

«ምንም አልነግርህም። ዝናቡን ብቻ አትርሳ።»

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። መጽሐፉን በአንድ ቀን ጨረስኩት። አንዲት ባለጠጋ ሴት በቤቷ ተገድላ ትገኛለች፤ ወንድሟ ወሬውን ሰምቶ በዝናብ ከባቡር ጣቢያ በእግሩ እንደመጣ ይናገራል። መርማሪው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና በሩ አጠገብ የተንጠለጠለውን የወንድምየውን ጃንጥላ እንዲነኩት ሰዎቹን አንድ በአንድ ይጠይቃቸዋል። ጃንጥላው ደረቅ ነው። ሰውየው ዝናቡ ሳይጀምር እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ያን ቦታ አራት ጊዜ ደገምኩት። ዝናቡ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲዘንብ ነበር፤ እኔ ግን ዝናብ ብቻ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን መመለስ ነበረብኝ። መጽሐፉ የእኔ አለመሆኑ እንደዚያ ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ሙሉውን ማስቀረት ሌብነት እንደሆነ አውቃለሁ። መጨረሻውን ብቻ ማስቀረት ግን፣ ጋሼ በቃላቸው ስለሚያውቁት፣ ማንንም የማይጎዳ መሰለኝ። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄጄ «እትዬ፣ እርሳስ የምቀርጽበት ምላጭ ይኖርዎታል?» አልኳቸው። ስፌት ከሚፈቱበት፣ ለሁለት ከተሰበረ ምላጭ አንዱን ግማሽ ሰጡኝ። ቤት ገብቼ ማስመሪያ አስደግፌ፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ቆረጥኳቸው። የቁርጡን ቀጥተኛነት አይቼ ኩራት እንደተሰማኝ አልረሳም።

እኩለ ቀን ላይ መለስኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ መጨረሻ የለውም» አልኳቸው። «ስወስደውም እንዲሁ ነበር።»

ጋሼ መጽሐፉን ገልጠው አውራ ጣታቸውን በቁርጡ ላይ አስኬዱ። «ይሄ አልተቀደደም። በምላጭ ነው የተቆረጠው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ መንገዱ ማዶ አዩ። ምን እያሰቡ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከእኔ በፊት የወሰዱት ልብስ ሰፊዋ ናቸው፤ ምላጭም ያላቸው እሳቸው ናቸው።

«እስቲ ነይ ይሄን እዪልኝ!» ብለው ተጣሩ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። «ምነው ጋሼ?»

«መጽሐፍ እኮ ነው የሰጠሁሽ፤ ጨርቅ አይደለም።»

«ሙሉውን ነው የመለስኩልዎት። ሲቀበሉኝ አላዩትም?»

«አምኜሽ አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ታክሲ የሚጠብቅ አንድ ሰው «ለሱሪ ልኬት ፈልጋው ይሆናል!» አለ። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። የግራው ክር አንዱ ቀዳዳ ተዘሎ ነበር የታሰረው። «ምላጩን ረስተውታል» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

«ደህና» አሉና ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ከጋሼ መጽሐፍ ወስደው አያውቁም። በማግስቱ ሳልፍ የስፌት መኪናቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለኪዮስኩ ሰጥተው ሲሠሩ አየኋቸው።

ከዚያ ወራት አለፉ። አንድ ተማሪ አምስተኛውን መልሶ መጨረሻውን ሲጠይቅ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ጋሼ መጽሐፉን ካነበቡት ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበርና «ወንድምየው ነው። መርማሪው በጫማው ጭቃ ያዘው» አሉ።

«ኧረ ጭቃ አይደለም!» አልኩ። ስህተት ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። «ጃንጥላው ነው ጋሼ። ቡናማ ጃንጥላ፣ እጀታው የተሰነጠቀ። ያ ሁሉ ዝናብ ዘንቦ ደረቅ ነበር።» ቀጥዬ ማን ቀድሞ እንደነካው፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ባርኔጣው በየትኛው ጉልበት ላይ እንደነበረ ሳይቀር ተናገርኩ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «አሃ፣ ጃንጥላ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአምስተኛውን መጨረሻ የሚጠይቅ ሲመጣ፣ እኔ በአካባቢው ካለሁ «እሱ ይንገርህ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል» ይላሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ እናገራለሁ። ከመንገዱ ማዶ የስፌት መኪናው ይሰማኛል፤ አንዳንዴ መሐል ላይ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም አስቤ አላውቅም።

በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ። ሁሉም ወደየፊናው ሄደ፤ ኪዮስኳም ልብስ ሰፊዋ የሚሠሩባት ክፍልም የነበሩበት ቦታ ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው።

ባለፈው ክረምት እንደ ልማዴ ከአንደኛው ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። እዚያ መርማሪው ከጥፋተኛው ፊት ቁጭ ብሎ ምንም ሳይጠይቅ እንዲያወራ ብቻ ይተወዋል። ሰውየው ያወራል፣ ያወራል፤ በመጨረሻ ያደረገው ሰው ብቻ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ይናገራል። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም፤ ሁልጊዜ የምደሰተው በመርማሪው ብልሃት ነበር። በዚህኛው ንባብ ግን መጽሐፉን ከደንኩት። «ስወስደውም መጨረሻ አልነበረውም» ብዬ የመለስኩትን መጽሐፍ መጨረሻ፣ ያውም እስከ ጃንጥላው እጀታ ድረስ፣ በሰው ፊት በቃሌ ዘርዝሬያለሁ። ጋሼ ያውቃሉ ማለት ነው። እኔ የኮራሁባቸው እነዚያ ቀናት ሁሉ ምርመራ ነበሩ።

የጋሼን ልጅ ስልክ ጠግኜላት ስለማውቅ ቁጥሯ ነበረኝ። ላንቻ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት አለችኝ። እሑድ ጠዋት ስድስቱን ቅጠሎች በፕላስቲክ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ዓይናቸው በጣም ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን ለዩኝ።

«ጃንጥላው መጣ!» ብለው ሳቁ። «ግባ፣ ግባ። ዝናብ አለ እንዴ ውጭ?»

ቅጠሎቹን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ጠርዛቸውን ዳሰሱና ሳቃቸውን አቆሙ።

«አውቀው ነበር አይደል፣ ጋሼ?»

«ታዲያስ! የዚያን ቀን መጽሐፉን ሙሉ አነበብክልን እኮ። ባርኔጣውን በየትኛው ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠው ሳይቀር!»

«ለምን ዝም አሉኝ?»

«ራስህ እንድትናገር ብዬ ነዋ መጨረሻውን አስነግርህ የነበረው። ያፍራል፣ ይተወዋል አልኩ። አንተ ደግሞ ብሶብህ ደስ እያለህ ትናገራለህ!» አሉ። «እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ፣ አንተን ካጋለጥኩ እሷን በሰው ፊት ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። በሰው ፊት ነዋ የዘለፍኳት። እሱ ከበደኝ።»

ከአልጋው ሥር ከነበረ ማዳበሪያ ልጃቸው አምስተኛውን አወጣችልኝ። «ለእኔ አይደለም የምትመልሰው» አሉኝ ጋሼ። ልብስ ሰፊዋ ባምቢስ ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ እንዳላቸው ልጃቸው ነገረችኝ፤ ቀሚሷን እዚያ ታሳጥራለች።

ቅጠሎቹን በኮላ ቦታቸው ላይ ለጠፍኳቸው። ሳይዛነፉ እንዲገቡ አንድ ማታ ሙሉ ከባድ ነገር ጭኜባቸው አሳደርኩ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ ሸብተዋል፤ ሜትሩ አሁንም አንገታቸው ላይ ነው። መጽሐፉን ሲያዩ ፔዳሉን አቆሙ።

«እትዬ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ከእሱ ውስጥ የወጣልኝ ይኸው ብቻ ነው።

«ምላጬንስ መቼ ነው የምትመልሰው?» አሉ።

መጽሐፉን ዘረጋሁላቸው።

«እርሳስ ልቅረጽ ብለህ ስትለምነኝ ደረት ኪስህ ላይ የነበረው እስክሪብቶ ነው። ሰማያዊ። እርሳስ አልነበረህም።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?»

«ልጅ ነው፣ በሰው ፊት አላዋርደው፤ ነገ ራሱ ይናገራል አልኩ። ከነገ ወዲያ ይናገራል አልኩ። ከዚያ ያን ጃንጥላህን እዚያ ማዶ ስታወራ እሰማሃለሁ። በቃ፣ ተውኩት።»

መጽሐፉን ከእጄ ወሰዱና የለጠፍኩትን ጣታቸውን አስገብተው አዩት። «ኮላ ይላቀቃል። ይሄ መሰፋት አለበት» ብለው ወፍራም መርፌና ክር አቀበሉኝ። «ዓይኔ አያደርስም፤ አስገባልኝ።» እኔ ከጤፍ የማትተልቅ ብሎን በወረንጦ አንስቼ ቦታዋ የማስገባ ሰው ነኝ። ክሩን ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። በአራተኛው ገባ። እሳቸውም ቅጠሎቹን ከአሮጌው ስፌት ጋር አያይዘው ሰፏቸው።

«ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን አንብበዋቸዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የት አግኝቼ? ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የለም።»

ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ላምጣልዎት ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ካሳ እንዳይመስል ፈርቼ ዘጋሁት። በምትኩ «ምን ባደርግ ይሻላል፣ እትዬ?» አልኩ።

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «እኔ የተዘለፍኩት በሰው ፊት ነው። እነዚያ የሳቁት ሰዎች አሁን የት አሉ? ካዛንቺስ የለ፣ ኪዮስኩ የለ። ለማን ትነግርልኛለህ?»

«እጽፈዋለሁ» አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔም በዚህኛው ጊዜ ጫማዬን አላየሁም። «ከጻፍክ ስም እንዳትጠራ» አሉ። «ስሜ አንዴ ተነስቷል፤ ይበቃዋል።» መጽሐፉን ከስፌት መኪናው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ይዤው እንድሄድ አልሰጡኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ስም አልጠራሁም። ያን ቀን በካዛንቺሱ መንገድ ዳር ቆማችሁ ከሳቃችሁት መሐል ይህን የሚያነብ ካለ ግን ነገሩ እንዲህ ነው፦ ልብስ ሰፊዋ መጽሐፉን ሲመልሱ ሙሉ ነበር።