እህቴ ያጠራቻቸው ዛጎሎች

ባሕር የሌለው አገር ሰው የባሕር ጭቃ ሊያመጣ ጅቡቲ ይሄዳል ሲባል የማይስቅ የለም። የላቦራቶሪ ባልደረቦቼም እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ሥራው ግን ይኸው ነበር፦ ከጅቡቲ ከተማ ዳርቻ የባሕር ወለል ጭቃና ጭቃው ውስጥ የሚኖሩ ዛጎሎችን ሰብስቦ ምን ያህል የፕላስቲክ ብናኝ እንደያዙ ማየት። ፕላስቲክ አይበሰብስም። እየተሰባበረ፣ እየደቀቀ ይሄድና በመጨረሻ ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆናል። ዛጎል ውስጥ ያለው ፍጥረት ደግሞ ኑሮው ውኃ ማስገባትና ማስወጣት ነውና ብናኙን ሆዱ ውስጥ ያስቀረዋል።

ለአለቃዬ ያልነገርኩት ሁለተኛ ጉዳይም ነበረኝ። ታላቅ እህቴ አልማዝ ጅቡቲ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች መሥራት ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው። ልነሳ ስል ደወለችልኝ።

"ሙሌ፣ ያንን ማጉያህን ይዘህ ና። ከሰው ቤት ልወጣ ነው!"

በዕረፍት ቀኗ ዛጎል እየለቀመች ለእመቤቷ ወዳጆች ትሸጥ ነበር። አሁን አንድ የምግብ ቤት ባለቤት በቋሚነት ሊገዛት ፈልጓል። ከተሳካ ኪራይ ቤት ገብታ የራሷን ሥራ ትሠራለች። ሰውየው ግን የዛጎሉን ንጽሕና የሚያውቅ ሰው አይቶ ይመስክርልኝ ብሏታል። መስካሪው እኔ መሆኔ ነው። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ከለቡ እስከ ነጋድ

ባዶ ብልቃጦቼን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬ በእንጨት ሣጥን ይዣለሁ። ለቡ ባቡር ጣቢያ ላይ ዕቃ የሚፈትሸው ሰው ሣጥኑን ከፍቶ "ማር ልታመጣ ነው?" አለኝ። "ጭቃ" ስለው አንዴ እኔን፣ አንዴ ሣጥኑን አየና "እግዜር ይርዳህ" ብሎ አሳለፈኝ።

አዋሽን ካለፍን በኋላ በመስኮት የሚታየው ግራርና ፌስታል ብቻ ሆነ። እሾህ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ሰማያዊና ጥቁር ፌስታል ተሸክሟል። ድሬዳዋ ላይ ማንጎ ገዛሁ፤ ሻጯ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ፤ እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ። ደወሌ ድንበር ላይ ወረፋው አሰልቺ ነበር። ነጋድ ጣቢያ ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ለአንድ ጠርሙስ ውኃ የከፈልኩት ሰፈሬ ቢሆን ምሳ ያበላኛል።

ከጣቢያው የወሰደኝ ባለ ታክሲ ሶማሊኛና ፈረንሳይኛ እየቀላቀለ በስልክ ሲያወራ ቆይቶ ወደ እኔ ሲዞር ጥርት ያለ አማርኛ ተናገረ። በአምቡሊ ስናልፍ ደረቁን ወንዝ አየሁት። አሸዋው በላስቲክ፣ በነጠላ ጫማ፣ በዘይት ጄሪካን ተሸፍኗል።

"ይሄ ሁሉ የት ይሄዳል?" አልኩት።

"ዝናብ ሲመጣ ባሕር ይገባል ነዋ! አንድ ቀን ይዘንባል፣ ሁሉን ጠርጎ ይወስደዋል፣ ከተማው ንጹሕ ይሆናል። ባሕሩ ሆደ ሰፊ ነው ወንድሜ፣ ተናግሮ አያውቅም።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሲየስታ ዳርቻ

እህቴን ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ጓደኛዋ ቤት አገኘኋት። ከስታለች። አቅፋኝ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ "ምነው እንዲህ ሆድ አወጣህ?" ብላ አሾፈችብኝ። ሩዝ በተጠበሰ ዓሣ አቀረበች። "በቃኝ እቴቴ" ብላት "አፈር ስሆን!" እያለች ታጎርሰኛለች። ስለምታሳድጋት የእመቤቷ ልጅ፣ ስለ ኤማ፣ አውርታ አትጠግብም። ፈረንጅዋ ሕፃን አማርኛ የተማረችው ከአልማዝ ነው፤ ከአልማዝ እጅ ካልጎረሰች አትበላም።

ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ሲየስታ ወረድን። የተገለጠው ጭቃ የሞተር ዘይት ይሸታል፤ ከማዶ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። እህቴ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ በማንኪያ እየቆፈረች፣ እዚያ ሰዎች ኮኪያዥ የሚሏቸውን ዛጎሎች ታወጣ ጀመር። እኔም ከጎኗ ጭቃዬን በብልቃጥ እሞላለሁ። ከጭቃው በቀጥታ የወጡ ጥቂት ዛጎሎችንም ለሥራዬ በሌላ ብልቃጥ አስቀመጥኩ።

"የሌላው ሰው ዛጎል ጥርስ ላይ አሸዋ ያንኮሻኩሻል። የእኔ አያንኮሻኩሽም" አለችኝ።

"በምን አወቅሽ? ቀምሰሽዋል?"

"ወይ አንተ! ክንፍና ቅርፊት የሌለውን እኔ እበላለሁ? የበሉት ናቸው የነገሩኝ።"

ዘዴዋን አሳየችኝ። የለቀመችውን ሁሉ በማዳበሪያ፣ ማለትም ሁላችን ቤት በማይጠፋው በዚያ ነጭ፣ በክር በተሸመነ ከረጢት ትጨምራለች። ከረጢቱን ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ የሆነ ጎረቤት ነው የሚሰጣት። አፉን አስራ፣ ጥልቅ ውኃ ላይ ከቆመ አሮጌ ጀልባ ጋር በገመድ ታንጠለጥለውና እስከ ማግስቱ ትተወዋለች። ዛጎሎቹ ንጹሕ ውኃ እያስገቡ እያስወጡ አሸዋቸውን ይተፉታል። ከረጢቱን ነካሁት፤ ፀሐይና ጨው በልተውት ክሩ በጣቴ ላይ እየተበጠሰ ቀረ። አየሁት፣ ምንም አልመሰለኝም። አገር ቤት እህል የምንይዘው በእሱ አይደል?

በማግስቱ የጠሩትን ዛጎሎች ጓደኛዋ አመጣችልኝ።

ማጉያው

እዚያው ጅቡቲ ለሥራ በተሰጠኝ ክፍል ውስጥ፣ ከልብሴና ከነፋሱ ብናኝ እንዳይገባበት ናይሎን የሌለበት የጥጥ ልብስ ለብሼ፣ መስኮት ዘግቼ፣ በላብ ተጠምቄ ሠራሁ። ሥጋውን ሟሙቶ እንዲያልቅ ፈሳሽ ውስጥ መንከር ነበረብኝ፤ ያ ደግሞ ቀናት ይወስዳል። የቀረውን አጥልዬ ይዤ በመጣሁት ማጉያ፣ በማይክሮስኮፑ፣ አየሁ።

ጭቃው ውስጥ የጠበቅሁትን አገኘሁ፦ ሰማያዊ ስባሪ፣ ቀይ ቅንጣት፣ የመረብ ክር። በቀጥታ ከጭቃ የወጡት ዛጎሎችም ከዚያው አላቸው። የእህቴን ሳይ ግን ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። ነጭ፣ ጠፍጣፋ ክር ሞልቷቸዋል። አንዱን ጨርሼ ሌላውን አየሁ፣ ያው ነው። ከጣቴ ላይ ያራገፍኩትን የከረጢት ክር አስታወስኩ፤ እሱም ፕላስቲክ ነው። አሸዋቸውን ሲተፉ ማዳበሪያውን ነው ሲውጡ ያደሩት። የእኔም ሞኝነት አናደደኝ፤ ክሩ እጄ ላይ ሲበጠስ ሥራዬ ምን እንደሆነ ረስቼ ነበር።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ልል አሰብኩ። ክሩ በዓይን አይታይ፣ ሰውየው ማይክሮስኮፕ የለው፤ "ንጹሕ ነው" ብል እህቴ ከሰው ቤት ትወጣለች። ሌላ ማን ሊያወጣት ነው?

ዓርብ ከሰዓት መጣች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች።

"እህሳ? ንጹሕ ነው አይደል?"

"እቴቴ፣ ቁጭ በይ።"

"ቁጭ በይ የሚባለው ለመርዶ ነው። ቆሜ እሰማለሁ።"

ማስረዳቱ አቃተኝና እንድታይ ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠጋኋት። አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች።

"ይሄ ነጩ ምንድን ነው?"

"ማዳበሪያው ነው። ፀሐይ ስለበላው ይረግፋል፤ እነሱም ከውኃው ጋር ይውጡታል።"

"ሳጠራቸው ነው ያቆሸሽኳቸው?"

ማጣሪያውን ከማይክሮስኮፑ ሥር አወጣሁት።

"በቅርጫት ባደርገውስ? በሰሌን?"

"ይቀንሳል። ከጭቃው በቀጥታ የወጡት ግን እነሱም አላቸው። ባሕሩ ራሱ ይዞታል።"

"ሰው ይታመምበታል?"

"እርግጡን የሚነግርሽ የለም። እኔም አላውቅም።"

"ካላወቅህ ለምን ነገርከኝ?" ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ድንገት እጇን ገልብጣ መዳፏን ማየት ጀመረች። "ኤማ እኮ ይህንኑ ዛጎል በየሳምንቱ ትበላለች። በእጄ ነው የማጎርሳት፣ ሙሌ። በዚህ እጄ!"

ያን ጊዜ ቁጭ አለች። ውኃ ሰጠኋት፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር፣ ሌላ አልነበረኝም። አፏን አላስነካችውም።

መመለስ

ስመለስ ሣጥኔ በጭቃ ከብዶ ነበር። ለቡ ወርጄ ቤቴ ስገባ ሚስቴ "ጉዞው እንዴት ነበር?" ብትለኝ "ሥራው ተሠርቷል" አልኳት። እውነት ነው፣ ተሠርቷል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ቆሻሻ የሚመጣው ከቆሻሻ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ነው። ከእህቴ የበለጠ ንጽሕና የሚወድ ሰው አላውቅም። ይህን ማወቄ ግን ለእሷ ምን ጠቀማት? ቤት አገኘችበት?

እህቴ ሰንበት ብላ ደወለች። ወደ ምግብ ቤቱ ባለቤት ሄዳ ሁሉንም ነግራው ነበር።

"ታዲያ ምን አለሽ?"

"ሳቀ። 'በዓይን ይታያል?' አለኝ። አይታይም አልኩት። 'እንግዲያው ምን ቸገረሽ፣ አምጪው' አለኝ።"

"አንቺስ?"

"'እኔ ግን አይቼዋለሁ እኮ' አልኩት" አለችና ከበስተጀርባ ኤማ በአማርኛ ስትጣራ ስልኩን ዘጋችው።