ወፍጮ ላይ የተጫወተው ሸክላ

በክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። የወንድሜ ልጅ ሰላም ምንጣፉ ላይ ተንበርክካለች። ባለቤቷ ዳዊት የኤሌክትሪኩን ገመድ ይዞ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በሩ አጠገብ ነበርሁ። ተቀመጡ ቢሉኝም አልተቀመጥሁም፤ ከነጠላዬ ሥር አንድ የዘፈን ሸክላ ይዣለሁና እንዳይሰበርብኝ ፈርቼ ነው።

ሰላም ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ በቅርቡ የተመለሰች ናት። ስትመጣ ከልብስና ከሽቶ ሌላ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ርካሽ የሸክላ ማጫወቻ ይዛ መጣች። ያን ዕለት መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አብሮት በመጣ ሸክላ ሞከሩት። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል።

“ባሕር ተሻግሮ የመጣው ይኼ ነው?” አሉ ወይዘሮ ብርቄ። “ጠርሙስ ውስጥ የገባች ትንኝ ትመስላለች።”

“እትዬ ብርቄ ደግሞ! ገና መሞከሩ እኮ ነው” አለች ሰላም።

መርፌው እየዘለለ ሲያስቸግር ዳዊት ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ መርፌውን በያዘው ክንድ ጫፍ ላይ ጫነበት። ያን ጊዜ ዝም ማለት አልቻልሁም።

“ሳንቲሙን አንሳው፣ ሸክላውን ይበላዋል። ጠረጴዛውም አይሆንም፤ ሰው በተራመደ ቁጥር ይነቃነቃል። ድንጋይ ፈልጉለት።”

ሦስቱም ዞረው አዩኝ።

“እቴቴ! አንቱ ደግሞ ይህን የት ያውቃሉ?” አለች ሰላም።

“ድሮ ነው” አልሁ። ዳዊት ድንጋይ ፍለጋ ወደ ጓሮ ወጣ።

ድሮ ያልሁት ደብረ ታቦር ተማሪ ሳለሁ ነው። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። ታናሽ ወንድሜ በአጎታችን በአያ ቢምረው ቤት እርሻ ያግዛል። እናቴና እኔ ብቻችንን እንኖር ነበር። ታላቅ እህቴ እናኑ አልነበረችም። እናቴ ለእግሯ ሕመም ወንዛዬ ፍል ውሃ በወረደችበት ሰሞን፣ ከተማችን መጥቶ ከነበረ የሙዚቃ ቡድን ጋር ተሳፍራ ሄደች። እናቴ ስትመለስ የነገርኋት እኔ ነኝ። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ቅሏን ግድግዳው ላይ ሰቀለችና “በልታ ነው የሄደች?” ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር የእናኑን ዳቦ ለይታ ታስቀምጣለች። ዳቦው ሲደርቅ ለዶሮዎች ትፈረፍረዋለች።

እናቴ በአካባቢው የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሰው ሲሞት ይጠሯታል፤ እሷ ግጥሙን ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላል። ቤት ውስጥ ግን የምታንጎራጉረው ወፍጮ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። እናኑ ያንን ዜማ ከጎኗ ቁጭ ብላ ተማረችው። እኔ አልተማርሁትም፤ ድምፅ አልተሰጠኝም።

ኅዳር ላይ ገብስ ታጭዶ ክምር በሆነበት ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ አስጠራኝ። ጋዜጣ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። የእህቴ ነጠላና አንድ ሸክላ ነበር። ዘፈኑን እሷ ራሷ ተጫውታ ያስቀረጸችው ነው፤ ለእናቷ እንዲያደርስላት አደራ ብላው ኖሮ፣ እሱ መንገድ እስኪቀናው ድረስ በሳንባ በሽታ ሞተች። “በደንብ ነው የተቀበረች” አለኝ። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

በቀጥታ አያ ቢምረው ዘንድ ሄድሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ጠርቶ ተመካከሩ። በእኛ አገር የሞት ወሬ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር ላይ ቆሞ፣ እንደ ወጉ መርዶ ይነገራል። አጎቴ እንዲህ አለ፦

“እህሉ አውድማ ላይ ነው፤ አሁን ማን ይመጣል? ይህች ሴት የሰው ሁሉ ሬሳ ስታለቅስ ኖራለች። የልጇ ለቅሶ ባዶ ሜዳ ላይ አይሆንም። ውቂያው ይለቅና እንነግራታለን። አንቺም ፊትሽን ታጠቢ።”

ታጠብሁ። ከአጎቴ ቤት ስመለስ አንድ ሐሳብ ብቻ በልቤ ነበር። መርዶው ከተነገረ በኋላ በቤታችን ዘፈን የሚባል ነገር አይከፈትም። እናቴን አውቃታለሁ፤ ዓመት ቢሞላም፣ ተዝካር ቢወጣም አታስከፍትም። ስለዚህ የልጇን ድምፅ ሐዘን ሳይነካው የምትሰማው ውቂያው እስኪያልቅ ባሉት ቀናት ብቻ ነው።

ገበያው ዳር ራዲዮ የሚጠግን ደምለው የሚባል ወጣት ነበር። ወሬኛና ቀልደኛ ነው። አንድ መምህር ለጥገና ሰጥቶት ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ትቶት የሄደ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው። እውነቱን ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ቀልዱን ተወና “እናኑ? ያች እናኑ?” አለ። ከዚያ ማጫወቻውን በጋቢው ጠቅልሎ ተከተለኝ።

ለእናቴ እናኑ ሸክላ እንዳስቀረጸች፣ በሹፌር እንደላከችላት ብቻ ነገርኋት። የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ደምለው መርፌውን አሳረፈ።

ባትሪው ደክሞ ኖሮ የወጣው ድምፅ ወፍራምና የሚጎተት ነበር።

“ይህ የማን ወንድ ነው?” አለች እናቴ።

ደምለው ባትሪ ጨመረ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንደ ሕፃን ቀጠነ። ወለሉ ላይ በተንቀሳቀስን ቁጥር መርፌው ይዘልላል። እናቴ እስኪያልቅ ታግሣ ሰማችውና ተነሣች።

“የኔ ልጅ ድምፅ ከሆዷ ነው የሚወጣ። ይህች በአፍንጫዋ ነው የምትዘፍን። የሰው ልጅ ናት፤ ለእናቷ መልሱላት።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስወጣ በአጎቴ አውድማ በኩል አልፋለሁ። ክምሩ ምን ያህል እንደ ቀረ አያለሁ። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ጭዱ በነፋስ ይበራል፣ ሰዎቹ ጠላ ይዘው ይጠሩኛል። ሌላ ዓመት ቢሆን ደስ የሚል ወቅት ነው። እኔ ግን ዝናብ ቢመጣ፣ በሬ ቢያነክስ እያልሁ እመኝ ነበር።

ደምለው መርፌው ደንዝዟል አለ። ሐሙሲት ያለ አንድ ጠጅ ቤት ትርፍ መርፌ እንዳለው ሰምቷል፤ እሱ ሱቁን ትቶ መሄድ ስላልቻለ እኔ ሄድሁ። በወረታ በኩል እህል በጫነ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወረድሁ። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ብርዱ እየቀነሰ፣ አቧራው እየጨመረ ይሄዳል። አጠገቤ የሰፈራችን ሴት ነበሩ። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ሰጡኝና “እናኑስ ደኅና ናት?” አሉኝ። ድንቹን ጎርሼ ራሴን ነቀነቅሁ። ከጠጅ ቤቱ ያገኘሁትን መርፌ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተመለስሁ።

በማግሥቱ እናቴን ለለቅሶ ጠሯት። የጎረቤት መንደር ሰው ልጅ ሞቶባቸው ነበር። የሰው ልጅ ልታለቅስ ስትሄድ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ደምለውና እኔ ሥራችንን የጨረስነው ያን ቀን ነው።

ደምለው ሸክላውን የሚያዞረውን የላላ ጎማ አውጥቶ በምትኩ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀጭን ቀለበት ቆረጠለት። መርፌውን ከቀየረ በኋላ የሸክላውን አቧራ አረቄ በነካ የዶሮ ላባ አነሣን። የሚንቀጠቀጠውን ወለል ትተን ማጫወቻውን የእናቴ ወፍጮ ላይ አስቀመጥነው፤ ከመሬት ጋር በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ስለሆነ አይነቃነቅም። በሣህን ውሃ አድርገን ላዩ ላይ አኖርንና ውሃው ወደ የት እንደሚያዘነብል እያየን ከሥሩ ገል ወተፍንለት። ድምፅ ማጉያውን ደምለው መጀመሪያ ባዶ ጋን ውስጥ ከተተው። ከመቃብር የሚወጣ መሰለ። ጋኑን አጋድመን፣ ውስጡን የበግ ጠጉር ጠቅጥቀን፣ ማጉያውን አፉ ላይ ብቻ ስናስደግፈው ድምፁ ሆድ አገኘ።

የቀረው ፍጥነቱ ነበር። ደምለው ጎማውን በብርጭቆ ስባሪ እየፋቀ ይጠይቀኛል፤ ድምፁን ከሱ ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርሁና።

“እንዲህ ናት?”

“ከዚህ ወፈር ትላለች።”

“አሁንስ?”

“ትንሽ ቀነስ አድርገው።”

“አንቺ ተማሪ፣ እህትሽን ነው ወይስ መሪጌታ የምትፈልጊው?”

ሳቅን። የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀጥሎ መርፌውን አሳረፈው። እናኑ ወፍጮው አጠገብ ነበረች። ቃላት መጨረሻ ላይ ትንፋሿን የምትስበው እንኳ ይሰማል።

እናቴ ወደ ማታ ግድም ድምፅዋ ዘግቶ ተመለሰች። ውሃ አቀረብሁላት። “እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስሚው” አልኋት። ተቀመጠች። ዘፈኑ የጭፈራ ነበር፤ ዜማው ግን የወፍጮው ነው። እናቴ አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። ወደ መሐል ሲደርስ ከንፈሯ አብሮ ተንቀሳቀሰ።

ሲያልቅ “እሷ ናት” አለች።

“አዩ እማማ! ከሆዷ አይደል?” አለ ደምለው፤ እጁን አጨበጨበ።

እናቴ ወደ ወፍጮው ዞረች። ጋኑን አየች፤ የበግ ጠጉሩን፣ ሣህኑን፣ ከወፍጮው ሥር የተወተፈውን ገል ተራ በተራ አየች።

“አንቺ ትምህርትሽን ትተሽ ሐሙሲት ወረድሽ። አንተ ሱቅህን ዘግተህ ከኔ ወፍጮ ጋር ትታገላለህ” አለች። “ለቆመ ሰው ድምፅ እንዲህ አይለፋም፤ የቆመ ሰው ራሱ ይመጣል። መቼ ነው የሞተች?”

 መርፌው በሸክላው ባዶ መጨረሻ ላይ ይንሿሿ ነበር፤ የሚያነሣው ጠፋ። እናቴ ነጠላዋን ለሐዘን ልታዘቀዝቅ እጇን አነሣች። ጫፉን ይዛ ቆየች። ከዚያ ለቀቀችው።

“ቢምረው ያውቃል?”

“ያውቃል።”

“ውቂያው ይለቅ ብሎ ነው?”

“አዎ።”

“ደግ ብሏል። እንግዲያው እኔ አልሰማሁም፤ እናንተም አልነገራችሁኝም።” ተነሥታ ወፍጮውን በእጇ ጠረገች። “ይህን አንሡልኝ፤ የምፈጨው ገብስ አለ።”

ፈጨች። አላንጎራጎረችም።

ውቂያው እስኪያልቅ እንደ ወትሮዋ ሠራች። ለወቂዎቹም ጠላ ጠመቀች። ባለቀ ማግሥት ጎሕ ሲቀድ አያ ቢምረውና ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው መርዶውን ሲነግሯት ገና አሁን እንደሰማች ሁሉ ጮኸች፤ ራሷን መሬት ላይ ጣለች። ሰዎቹ “እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይተን አናውቅም” አሉ። ደምለው ከሰዉ ኋላ ቆሞ ነበር፤ እንዳልተያየን ሆንን።

ለቅሶው ላይ የእናኑን ነጠላ ዘረጉ፤ ሙሾውን እናቴ ራሷ አወረደችው። ዜማው የሸክላው ነበር፤ በጣም ዝግ አድርጋ።

ከሩቅ መጣሽ ልጄ በሸክላ ታትመሽ፤
እጄ ሳይነካሽ ነው መርፌ የሚነካሽ።

ስለ ሸክላው የት እንደሰማች የጠየቃት ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ሸክላው እሷ እስካለች አልተከፈተም። እሷም ካለፈች በኋላ ማጫወቻ አልነበረኝም፤ አልፈለግሁም ማለቱ ይሻላል። ሸክላው ከልብሷ ጋር ሣጥን ውስጥ ኖረ። ሰላም ማጫወቻ አመጣሁ ስትል ግን ሳላስበው አወጣሁት። እሷም ሩቅ አገር ሄዳ የነበረች ልጅ ናት፤ እሷ ግን በእግሯ ተመለሰች። አንድ ጊዜ ልስማው ብዬ ነበር የመጣሁ።

ዳዊት ከጓሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥቶ መሬት ላይ አደላደለው። ማጫወቻውን ከመስታወቱ አንሥቶ በላዩ አስቀመጠ። ሰላም የውሃ ሣህን አምጪ ስላት አመጣች። ድምፅ ማጉያው ያለበትን ጎን ከግድግዳው አራቁት። እንደገና ሲከፍቱት መርፌው አልዘለለም፤ ድምፁም ጸና።

“ይኼ እንግዲህ ሰው ነው” አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

ሰላም ፍጥነቱን የሚያስተካክለውን ትንሽ ማዞሪያ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

“እቴቴ፣ ልኩ ይኼ ነው? ወይስ ወፈር ይበል?”

ደምለው እንዲህ ሲጠይቀኝ መልሱን አውቀው ነበር። አሁን የእናኑን ድምፅ ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ የእናቴ ነው፤ ያ ዝግ ያለው። እናኑን የሚለይልኝ ሰው ከመካከላችን የለም። እኔም ብሰማት “አዎ፣ እሷ ናት” ለማለት እርግጠኛ አልነበርሁም።

ሸክላውን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ከሰላም ጎን ምንጣፉ ላይ አኖርሁት። ዱላዬን አንሥቼ በሩን ከኋላዬ ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።